ተራራ ላይ ራስ የሚያመው ለምንድን ነው?

በዛሬው ጽሑፌ የማስረዳችሁ ተራራ ላይ ረጅም የእግር ጉዞ ስናደርግ ሰውነታችን ምን እንደሚሆን ነው።

እኛ የደባርቅ ልጆች ዳገቱንም ብርዱንም ለምደነዋል። በጥር ዕረፍት ግን የአክስቴ ልጅ ከመተማ መጣ። አርብ ማታ ደረሰ፤ ቅዳሜ ጠዋት በመኪና ሳንቃ በር ሄድንና ከአጎቴ ጋር ወደ ግጭ በእግር ተነሣን። አጎቴ የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ስካውት ናቸው። ስንቃችን ዳቦ፣ ቆሎና ሁለት ሃይላንድ ውሃ ነበር። በመንገዳችን ጭላዳዎች ሣር ሲነጩ አየን፣ የጅንባርን ፏፏቴም ከማዶ ሆነን አየን።

ወንዙን ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር የአክስቴ ልጅ ወደ ኋላ ቀረ። እኔማ «አይ ቆለኛ!» እያልኩ ሳቅሁበት። እሱም «ምንም አልሆንኩም» አለ። ትንሽ እንደሄድን ድንጋይ ላይ ተቀመጠና አስመለሰው። ለካ ከጠዋት ጀምሮ ራሱን ያመው ነበር! «ለምን አልተናገርክም?» ስለው «ትስቅብኛለህ ብዬ ነዋ» አለኝ። በጣም አፈርኩ።

አጎቴ «ከዚህ በላይ አንዲት እርምጃ የለም» አሉ። ግጭ ቅርብ ስለሆነ አረፍ ብሎ ይቀጥል ብዬ ብለምናቸውም እምቢ አሉ። ወደ መኪና መንገዱ ወርደን በአይሱዙ ደባርቅ ተመለስን። ማታ ሻል ብሎት እራቱን በላ።

ምክንያቱን በኋላ የሳይንስ መምህራችንን ጠየቅሁ። አየር በመሶብ ውስጥ እንደተደራረበ እንጀራ ነው፤ ከታች ያለው ከላይ ባለው ተጭኖ ይታመቃል፣ ከላይ ያለው ግን ሳሳ ይላል። በአየር ውስጥ ያለው ኦክስጅን ቆላም ደጋም 21 በመቶ ገደማ ነው። ነገር ግን ግጭ 3,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ያንሳል። ሰውነት ይህን ለመልመድ ቀናት ይፈልጋል። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ከ1,000 ሜትር በታች ካለ አገር መጥቶ በማግስቱ ከ3,000 በላይ ወጣ። ጉልበተኛ መሆን ከዚህ አያድንም። ሕመሙ ሲጠና ሳንባ ውሃ ይቋጥራል ወይም አንጎል ያብጣል፤ ሊገድልም ይችላል።

ስለዚህ እንግዳ ይዛችሁ ስትወጡ፦
1. መጀመሪያ ደባርቅ አንድ ሁለት ቀን ይረፍ።
2. ቀስ ብላችሁ ሂዱ፣ ውሃ ጠጡ።
3. ከ3,000 ሜትር በላይ የምታድሩበት ቦታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ ከፍ አይበል።
4. ራሱን ካመመው ወይም ካስመለሰው ከፍ አትበሉ፤ ካልተሻለው ወይም ከባሰበት ቶሎ ውረዱ።
5. ወደ ኋላ በቀረ ሰው አትሳቁ። ከሳቃችሁበት ሕመሙን ይደብቃችኋል።

እመት ጎጎን ሳናይ ተመለስን። የአክስቴ ልጅ ለፋሲካ ተመልሶ ይመጣል፤ ያኔ ሁለት ቀን አሳርፈነው እንወጣለን። እስከሚቀጥለው ዕትም ቸር ሰንብቱ!