ከግሱ ኋላ የምትመጣው ትንሽ ቃል

«ፒክአፕ»፣ «ሜካፕ»፣ «ፑሽአፕ»፣ «ስታርትአፕ» የሚሉት ቃላት ወደ አማርኛ ከገቡ ቆይተዋል። አንዱ መኪና ነው፣ አንዱ መኳኳያ፣ አንዱ የስፖርት እንቅስቃሴ፣ አንዱ ገና የተቋቋመ ድርጅት። የአራቱም መጨረሻ ግን አንድ ነው፤ «አፕ»፣ ማለትም «ወደ ላይ»። ፑሽአፕ የሚሠራ ሰው በክንዱ ገፍቶ ከመሬት ሽቅብ ስለሚነሳ ነገሩ ግልጽ ነው። ሰው ሲኳኳል ወይም ድርጅት ሲጀምር ግን ሽቅብ የሚወጣው ምንድን ነው?

እንግሊዝኛ የሚማር ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ ይህ ጥያቄ ይገጥመዋል። በየዕለቱ የሚነገረው እንግሊዝኛ የሚሽከረከረው በጥቂት አጫጭር ግሶች ዙሪያ ነው፦ ጎ፣ ካም፣ ጌት፣ ቴክ፣ ፑት፣ ሰት፣ ሉክ። እነዚህ ግሶች ብቻቸውን ሲቆሙ ትርጉማቸው ሰፊና ልቅ ነው። መልክ የሚይዙት ከኋላቸው ኢን፣ አውት፣ አፕ፣ ኦን፣ ኦፍ፣ ፎር፣ አት ከሚባሉት ትንንሽ ቃላት አንዱ ሲከተላቸው ነው።

«ሉክ»ን እንውሰድ። ብቻውን ማየት ነው። «ሉክ አት» አንድን ነገር መመልከት ነው። «ሉክ ፎር» ሲሆን ግን የሚታይ ነገር የለም፤ የጠፋ ነገር እየተፈለገ ነው። «ሉክ አፍተር» ልጅ ወይም በሽተኛ መንከባከብ ነው። «ሉክ ኢንቱ» አቤቱታ የቀረበበትን ጉዳይ ማጣራት፣ «ሉክ አፕ» የቃል ፍቺን ከመዝገበ ቃላት ፈልጎ ማውጣት ነው። «ሉክ ዳውን ኦን» መናቅ ሲሆን፣ እኛም የሚንቀንን ሰው «ቁልቁል ያየናል» ስለምንል ይህኛው አይከብደንም። ተማሪው «ሉክ ማለት ማየት» ብሎ ደብተሩ ላይ ጽፎ ቢያልፍ የያዘው የቃሉን ጥቂቱን ብቻ ነው።

ከውጭ ሲያዩአቸው እነዚህ ጥምረቶች አንድ ይመስላሉ። ውስጣቸው ግን ሁለት የተለያየ አሠራር አለ፤ ሰዋስው ከማይወድ አንባቢም ጋር ቢሆን ጥቂት ልቆይበት። ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ልጥቀስ፦ «ሂ ራን አፕ ኤ ሂል» እና «ሂ ራን አፕ ኤ ቢል»። ልዩነታቸው የመጨረሻዋ ቃል ብቻ ናት። የመጀመሪያው «ኮረብታውን እየሮጠ ወጣ» ነው፤ ሁለተኛው «ዕዳ አከማቸ»። በመጀመሪያው ውስጥ «አፕ» የኮረብታው ናት። ከስሙ ጋር ተጣምራ መስተዋድዳዊ ሐረግ ስለሠራች፣ ሐረጉን እንዳለ አንስቶ ከፊት ማስቀደም ይቻላል፦ «አፕ ዘ ሂል ሂ ራን»። በሁለተኛው ውስጥ ግን «አፕ» የግሱ አካል ናት፤ «አፕ ዘ ቢል ሂ ራን» ብሎ የሚናገር እንግሊዛዊ የለም።

ተውላጠ ስም ሲገባ ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል። የግሱ አካል የሆነችው ትንሽ ቃል ተውላጠ ስሙን መሐል ታስገባዋለች፤ ቃሉን ከመዝገበ ቃላት ለሚፈልግ ሰው የሚባለው «ሉክ ኢት አፕ» ነው፣ «ሉክ አፕ ኢት» አይባልም። የስሙ ወገን የሆነችው ግን ከስሙ ፊት አትነቃነቅም፤ «ሉክ አፍተር ሂም» ይባላል እንጂ «ሉክ ሂም አፍተር» አይባልም። ጆሮም ይረዳል። የግሱ አካል የሆነችው ብዙውን ጊዜ ጠበቅ ተደርጋ ትነገራለች፣ መስተዋድድ ብቻ የሆነችው ግን ለስለስ ብላ ታልፋለች። ሁለቱ አሠራሮች አንድ ላይ ሲመጡ እንደ «ፑት አፕ ዊዝ» ያለ ባለ ሦስት ቃል ግስ ይወለዳል። «ፑት» ማስቀመጥ፣ «አፕ» ወደ ላይ፣ «ዊዝ» ጋር፤ ሦስቱ ሲገናኙ «መታገሥ»።

ይህ ሁሉ ትናንት የመጣ አይደለም። ጥንታዊው እንግሊዝኛ እንደ ዘመዱ እንደ ጀርመንኛ ትንሿን ቃል ብዙ ጊዜ ከግሱ ፊት ያስቀምጥ ነበር። በመካከለኛው ዘመን ከፊት መቀመጧ እየቀረ ወደ ኋላ ዞረች። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ በኋላ ደግሞ ፈረንሳይኛ የቤተ መንግሥትና የፍርድ ቤት ቋንቋ ሆነ፤ ላቲን የቤተ ክርስቲያንና የትምህርት ቋንቋ እንደሆነ ቀጠለ። በዚህ ምክንያት እንግሊዝኛ ለአንድ ነገር ሁለት ልብስ አለው። ቀጠሮ ማስተላለፍ በቤት ልብሱ «ፑት ኦፍ»፣ በክት ልብሱ «ፖስትፖን» ነው። እሳት ማጥፋት «ፑት አውት» እና «ኤክስቲንግዊሽ»፣ መታገሥ «ፑት አፕ ዊዝ» እና «ቶለሬት» ነው።

የእኛን ተማሪ የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። በኢትዮጵያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪው ፊዚክሱንም ታሪኩንም የሚያነበው በክት ልብሱ እንግሊዝኛ ነው። «ኢንቬስቲጌት»ን ያውቀዋል፣ «ኮንቲኒው»ን ያውቀዋል። አሜሪካ ገብቶ መንዳት ሲጀምር ግን ፖሊሱ «ፑል ኦቨር» ይለዋል፣ ጥግ ይዘህ ቁም ማለቱ ነው። የክሊኒክ ጸሐፊዋ ቅጽ ሰጥታ «ፊል ኢት አውት» ትለዋለች፣ ሙላው ማለቷ ነው። ስልክ ያነሳችው ሠራተኛ «ሃንግ ኦን» ስትል ጠብቀኝ ማለቷ ነው፣ «ሃንግ አፕ» ካለች ግን ዝጋው ነው። ከእነዚህ ቃላት ውስጥ ለየብቻው የማያውቀው አንድም የለም። «ፑል» መሳብ፣ «ኦቨር» በላይ መሆኑን ልጅ ሆኖ ተምሮታል። ያልተማረው ጥንዱን ነው። ዓመታት ተምሮ መጥቶ ከሰው ፊት ሲደናገር «እንግሊዝኛ አልችልም» ብሎ ራሱን ዝቅ የሚያደርግ ሰው ብዙ ነው፤ ይህ ልክ አይደለም። የተማረው ቋንቋ እውነተኛ ነው፤ የቀረው የቤት ልብሱ ብቻ ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻም አይደለም። ሳሙኤል ጆንሰን እ.ኤ.አ. በ1755 ባሳተመው ታላቅ መዝገበ ቃላቱ መቅድም ላይ፣ ለውጭ ሰው ከሁሉ የሚከብደው ይህ የግስና የትንሽ ቃል ጥምረት መሆኑን ጠቅሶ፣ ጥምረቶቹን በጥንቃቄ መሰብሰቡን ገልጿል። ዛሬ በየትምህርት ቤቱ የምንሰማው «ፍሬዛል ቨርብ» የሚለው ስያሜ ግን የቅርብ ነው፤ በመጽሐፍ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1925 በሎጋን ፒርሶል ስሚዝ ነው፤ እሱም ስሙን ያገኘው ከኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ከሄንሪ ብራድሊ መሆኑን ተናግሯል።

እ.ኤ.አ. በ1985 ዳጉትና ላውፈር የተባሉ የእስራኤል ተመራማሪዎች ዕብራይስጥ ተናጋሪ ተማሪዎችን ፈትነው ነበር። ተማሪዎቹ ከባለ ሁለት ቃሉ ግስ እየሸሹ ባለ አንድ ቃሉን መምረጥ ያዘነብሉ ነበር። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ያገኙት በዕብራይስጥ ውስጥ እንዲህ ያለ ግስ ባለመኖሩ ነው። አማርኛም የዕብራይስጥ ዘመድ ስለሆነ ያው ነው ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። እኔ ግን አማርኛ ተናጋሪ ከዚህ የተሻለ መነሻ አለው እላለሁ።

«ዳኛው ፈረደለት» እና «ዳኛው ፈረደበት» ስንል ግሱ አንድ ነው። የሰውየውን ዕጣ የለወጠችው በ«ለ» እና በ«በ» መካከል ያለችው ልዩነት ናት። «መሰከረለት»ና «መሰከረበት»፣ «ተነሳለት»ና «ተነሳበት» እንዲሁ ናቸው። መስተዋድድ ከግስ ጋር ተጣብቃ ትርጉም ስትገለብጥ የማያውቅ አማርኛ ተናጋሪ የለም። እንግሊዝኛም ውስጥ የ«በ» እኅት አለች። «ሂ ሃንግ አፕ ኦን ሚ» ማለት ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋብኝ ነው። «ማይ ካር ብሮክ ዳውን ኦን ሚ» መኪናዬ ተበላሸብኝ ነው። ያቺ «ኦን ሚ» በደል ወይም ጉዳት የደረሰበትን ሰው የምታሳይ ናት፤ «ብኝ» ማለት ናት። ብዙ ሌላ ቋንቋ ተናጋሪ ለመረዳት የሚቸገርባትን ይህችን አነጋገር እኛ ወዲያው እንይዛታለን።

ያው ዕውቀት የሚያሳስትበት ቦታም አለ። «ሳቀብኝ» ብሎ የሚያስብ ሰው «ላፍድ ኦን ሚ» ይላል፤ እንግሊዝኛው የሚፈልገው «አት» ነው። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» የሚለው «ዲስከስ» ላይ «አባውት» ይጨምርበታል፤ ግሱ ግን መስተዋድድ አይወድም። «ከእሷ ጋር ተጋባ» የሚለው «ሜሪድ ዊዝ ኸር» ይላል፤ እዚህም መስተዋድድ የለም። በተቃራኒው «ጠበቅኩት» የሚለው «ዌይትድ ሂም» ብሎ «ፎር»ን ይረሳል፣ «ሙዚቃ አዳመጥኩ» የሚለው «ሊስን» ላይ «ቱ»ን ይተዋል። እነዚህ ስህተቶች የስንፍና ምልክት አይደሉም፤ የአማርኛው ግስ የለመደውን ጓደኛ ይዞ ሲሻገር የሚፈጠሩ ናቸው።

ለመሆኑ ትንንሾቹ ቃላት የራሳቸው ሥርዓት አላቸው? በከፊል አላቸው። «አፕ» ብዙ ጊዜ ነገሩ እስከ መጨረሻው መድረሱን ትነግረናለች፤ «ድሪንክ አፕ» ጠጥቶ መጨረስ፣ «ዩዝ አፕ» ተጠቅሞ ማሟጠጥ ነው። «ኦፍ» መለየትንና መቋረጥን ትወዳለች፤ «ኮል ኦፍ» ስብሰባን መሰረዝ ነው። ግን እስከ ጥግ አይኬድም። መብራት «ዌንት ኦፍ» ሲባል ጠፋ ነው፣ የማንቂያ ደወል «ዌንት ኦፍ» ሲባል ጮኸ ነው። ቅጽ «ፊል ኢን» ቢባልም «ፊል አውት» ቢባልም መሙላት ነው። ለሁሉም ምክንያት ፍለጋ መድከም አያዋጣም፤ አንዳንዱ እንዳለ ይያዛል።

የሚያበረታታው ቁጥሩ ነው። ጋርድነርና ዴቪስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2007 መቶ ሚሊዮን ቃላት የያዘውን የእንግሊዝ ብሔራዊ የጽሑፍና የንግግር ክምችት ሲመረምሩ፣ እንዲህ ያለ ግስ በአማካይ በየ150 ቃሉ አንድ ጊዜ እንደሚገጥም ገመቱ። ከዚያ ሁሉ ውስጥ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ሃያ ግሶች ከስምንት ትንንሽ ቃላት ጋር ሲጣመሩ የሚገኝ ነው። መዝገበ ቃላቱ በሺዎች ይቆጥራቸው እንጂ በየቀኑ የሚሠራባቸው ያን ያህል አይደሉም።

ስለዚህ ለተማሪም ለመምህርም አንድ ነገር አሳስባለሁ። ደብተር ላይ ግስ ብቻውን አይጻፍ። «ዲፔንድ» ሲጻፍ ከነ«ኦን»፣ «ዌይት» ከነ«ፎር»፣ «ዲስከስ» ደግሞ ያለ ምንም ተከታይ፣ ከጎኑም አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። የእንግሊዝኛ አማርኛ መዝገበ ቃላት የምታዘጋጁም ጥንዶቹን ራሳቸውን ችለው እንዲቆሙ አድርጓቸው፤ «ሉክ አፍተር»ን የሚፈልግ ሰው «ሉክ» ሥር ገብቶ ማየትን ብቻ አግኝቶ መመለስ የለበትም።