ወስፋትና አፈር

ከጎንደር በስተ ሰሜን የምትገኘው ወለቃ በሸክላ ሥራ የታወቀች ናት። አፈር ለሸክላ ሠሪ እንጀራው ነው፤ ነገር ግን ሰው በሜዳ ላይ በሚጸዳዳበት ስፍራ ሁሉ ይኸው አፈር ለወስፋት ማደጊያ ይሆናል።

ሴቴዪቱ ወስፋት በቀን እስከ 200,000 ዕንቁላል ትጥላለች። ዕንቁላሉ ከሰው ሆድ እንደ ወጣ ወዲያው አያስይዝም፤ በእርጥብ አፈር ውስጥ ጥቂት ሳምንታት መቆየት አለበት። በዚያም ኢንዛይም የሚባሉት የሰውነት ሥራ አፋጣኞች በኦክሲጅን ረዳትነት የዕንቁላሉን ስብ ወደ ስኳርና ወደ ኃይል እየለወጡ እጩን ያሳድጉታል። ሕፃን በቆሸሸ እጁ ሲውጠው ሌሎች ኢንዛይሞች ቅርፊቱን አሟሙተው እጩ እንዲፈለፈል ያደርጋሉ። ትሉ አድጎ በአንጀት ሲኖር ደግሞ ኦክሲጅን እምብዛም ስለማያገኝ፥ ያለ እርሱ በሚሠሩ ኢንዛይሞች እየኖረ የልጁን ምግብ ይሻማል።

መድኃኒት ትሉን ከሆድ ያስወጣል፤ በአፈር ውስጥ ለዓመታት ሊቆይ የሚችለውን ዕንቁላል ግን አይነካም። ስለዚህ ዕንቁላሉ አፈር እንዳያገኝ መከልከል ይገባናል። እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የመጸዳጃ ጉድጓድ ቈፍሮ ይጠቀም፤ ከመብል በፊትና ከመጸዳጃ በኋላ እጅ በሳሙና ወይም በአመድ ይታጠብ፤ ጥሬ አትክልትም በንጹሕ ውሃ ይታጠብ እያልን እናሳስባለን።