የመሥሪያ ቤቶች መለዋወጥና የኢሉባቦር ቡና ንግድ

ንግድ ከጸጥታና ከመንገድ ቀጥሎ አጥብቆ የሚፈልገው ነገር ቢኖር፥ ዛሬ የተሰጠ ፈቃድ ነገም የሚታወቅ መሆኑን ነው። በመቱና በአካባቢው ከተሞች ቡናው በያመቱ በዚያው በሶር ወንዝ አገር ይበቅላል፤ የሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ግን ስሙንና ስፍራውን ሲለዋውጥ ኖሯል።

ቀድሞ የኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ጎሬ ነበረች። በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር በተደረገው ውል የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከተፈቀደ በኋላ፥ የአገሩ ቡና በጎሬ በኩል ወደ ጋምቤላ ወርዶ በባሮ ወንዝ በመርከብ ወደ ሱዳን ይላክ ነበር። በ1970 ዓ.ም. ገደማ ዋናው ከተማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ወደምትገኘው ወደ መቱ ተዛወረ። ጋምቤላም ከጊዜ በኋላ ራሱን የቻለ ክልል ሆነ፤ በ2008 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በደሌ ከኢሉባቦር ዞን ተለይታ የቡኖ በደሌ ዞን ዋና ከተማ ሆነች። ይህ ሁሉ ሲሆን ከመቱ ወደ ጅማና ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው የጭነት መኪና ዛሬም በበደሌ ያልፋል።

የቡናው መሥሪያ ቤትም እንዲሁ ነው። በ1950 ዓ.ም. ብሔራዊ የቡና ቦርድ ተቋቋመ፤ በደርግ ዘመን የቡናና ሻይ ልማት ሚኒስቴር ሆነ፤ በ1987 ዓ.ም. የቡናና ሻይ ባለሥልጣን ተባለ፤ በ1996 ዓ.ም. ሥራው በግብርናና ገጠር ልማት ሚኒስቴር ውስጥ ተጠቃለለ፤ በ2001 ዓ.ም. ሽያጩ ወደ ኢትዮጵያ ምርት ገበያ ገባ፤ በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ራሱን የቻለ ባለሥልጣን እንደገና ቆመ።

ለእያንዳንዱ ለውጥ ምክንያት አልታጣለትም። አስተዳደርን ወደ ሕዝቡ ማቅረብ፥ ወጪን መቀነስ፥ ቡናን የሚያውቅ ሹም በቡና ላይ መሾም ሁሉም መልካም አሳብ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው አሮጌው ማኅተም ከተነሣበት ቀን አንሥቶ አዲሱ ሥራ እስኪጀምር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። በዚያን ጊዜ የብቃት ማረጋገጫ የሚያድስ ሰው አይገኝም፤ መሸኛ የሚፈርመው ማን እንደ ሆነ አይታወቅም፤ የነጋዴው መዝገብም ከአንዱ ቤት ወጥቶ ወደ ሌላው ሳይደርስ ይቀራል። ዝናብ በሚበዛበት በኢሉባቦር በመጋዘን የሚቆይ ቡና ርጥበት ይስባል፤ የባንክ ወለድ ይቆጠራል፤ ላኪው ለውጭ ገዢ የገባው የማስረከቢያ ቀንም ያልፋል። ጀንፈል ይዞ የመጣው ገበሬ ግን ዋጋውን የሚጠይቀው በዚያው ቀን ነው።

ስለዚህ መድኃኒቱ መሥሪያ ቤት ፈጽሞ አይለወጥ ማለት አይደለም። ለውጡ ከመከር ወራት ውጭ ቢደረግ፥ አስቀድሞ በማስታወቂያ ቢገለጥ፥ ቀድሞ የተሰጠውም ፈቃድ ዘመኑ እስኪያልቅ የጸና ቢሆን አብዛኛው ጉዳት ይቀራል። ይህንንም ነጋዴዎች በየግላቸው ከሚጮኹ በምክር ቤታቸው አማካይነት በጽሑፍ ቢያመለክቱ ይሻላል።

ነጋዴውም በበኩሉ የፈቃዱን፥ የግብሩንና የመሸኛውን ግልባጭ በቤቱ ማኖር ይገባዋል። መሥሪያ ቤቱ መዝገቡን ቢያጣው እንኳ፥ ደረሰኙን በእጁ የያዘ ሰው ከአዲሱ ሹም ፊት ባዶ እጁን አይቆምም።