ጨለማዋ ሣጥንና የብርሃን ጠባይ

በሲያትል ከተማ፣ በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ፀሐይ 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ስለምትጠልቅና የቀኑም ርዝመት ከስምንት ሰዓት ተኩል ስለማይበልጥ፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ተመልሰው ደብተራቸውን ሲዘረጉ ውጭው ጨልሟል። ቀኑና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እምብዛም በማይበላለጡበት በአገራችን ላደገ ወላጅ ይህ ጨለማ የሚከብድ ቢሆንም፣ የብርሃንን ጠባይ ለሕፃናት ለማስረዳት ግን ከዚህ የተመቸ ወራት አይገኝም።

የዋሽንግተን ግዛት በ2013 (ዓ.ም. ካላልሁ በቀር ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) በተቀበለው የሳይንስ ትምህርት መመሪያ መሠረት፣ የአንደኛ ክፍል ተማሪ በጨለማ ያለ ነገር ብርሃን ካላገኘ እንደማይታይ፣ በብርሃንም መንገድ ላይ መስተዋት ወይም ካርቶን ሲቆም ምን እንደሚሆን መመርመር አለበት፤ አራተኛ ክፍል ሲደርስ ደግሞ የምናየው ከነገሮች ላይ ተንጸባርቆ ወደ ዓይናችን በሚገባው ብርሃን መሆኑን እንዲያስረዳ ይጠበቅበታል። በሬኒየር ጎዳና አካባቢና በሌላውም ሰፈር ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል፣ የቤት ሥራው በእንግሊዝኛ ስለ ተጻፈ ብቻ ከልጃቸው አጠገብ መቀመጥን የተዉ አባቶችና እናቶች አሉ። ይህን ሳስብ አዝናለሁ፤ ምክንያቱም ይህን ጥበብ በአማርኛ ለማስተማር የሚበቃ መሣሪያ በየቤቱ አለ፤ እርሱም ጨለማዋ ሣጥን ናት።

ሣጥኗ የምትሠራው ከባዶ የጫማ ካርቶን ነው። ከሁለቱ ጠባብ ጎኖች በአንዱ ላይ ትንሽ መስኮት ተቆርጦ ፎይል ይለጠፍበትና የፎይሉ መካከል በመርፌ ጫፍ ይበሳል፤ ቀዳዳው ከ1 ሚሊ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። በፊት ለፊቱ ያለው ጎን ሰፋ ተደርጎ ይቆረጥና ስስ የመጋገሪያ ወረቀት ይወጠርበታል። ክዳኑ ተገጥሞ ስንጥቁ ሁሉ በፕላስተር ከተደፈነ በኋላ፣ የቤቱ መብራት ይጥፋና እናት ወይም አባት ጧፍ አብርተው ከቀዳዳው ፊት ይያዙ፤ ልጁም በስስ ወረቀቱ በኩል ይመልከት።

የጧፉ ነበልባል ተዘቅዝቆ ይታየዋል። ጧፉ ከፍ ሲል ምስሉ ዝቅ ይላል፤ ወደ ቀኝ ሲሄድ ምስሉ ወደ ግራ ይሸሻል። በዚህ ጊዜ ወላጅ ምክንያቱን ለመናገር ባይቸኩል እመክራለሁ፤ ልጁ ደጋግሞ ጧፉን ካስነሣና ካስወረደ በኋላ ራሱ «ለምን?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚጓዝ ስለሆነ ከነበልባሉ ጫፍ የተነሣው ጨረር በጠባቧ ቀዳዳ አልፎ ወደ ታች፣ ከእግሩ የተነሣውም ወደ ላይ ከመውጣት በቀር ሌላ መንገድ እንደሌለው በወረቀት ላይ መሥመር እየሰመሩ ማሳየት ይበቃል። ጧፉን የያዘው እጅ በወረቀቱ ላይ ከነጭራሹ አለመታየቱን፣ ቢታይም እጅግ ደብዝዞ መሆኑን ልጁ ያስተውል፤ እጅ የራሱ ብርሃን የለውምና ከነበልባሉ ተውሶ የሚመልሰው ጥቂት ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት ብርሃን በዕለተ እሑድ፣ ፀሐይና ጨረቃ ግን በዕለተ ረቡዕ እንደ ተፈጠሩ የተማረ ልጅ፣ ብርሃንን ከአብሪው ለይቶ ማሰብን አስቀድሞ የለመደ ስለሆነ፣ ይህ ነገር ፈጥኖ ይገባዋል።

ቀጥሎ ሁለት ጧፎች ጎን ለጎን ይብሩ። ሁለት የተዘቀዘቁ ነበልባሎች ይታያሉ፤ በግራ ያለው ጧፍ በካርቶን ሲጋረድ ግን የሚጠፋው በቀኝ ያለው ምስል ነው። በ965 ገደማ በባስራ ተወልዶ በካይሮ የኖረው ሊቅ ኢብን አል-ሃይተም ብዙ መብራቶችን በአንዲት ቀዳዳ ፊት አቁሞ አንዱን በጋረደ ጊዜ የዚያ ምስል ብቻ እንደሚጠፋ አይቶ፣ ጨረሮች በአንዲት ጠባብ በር ሲተላለፉ እርስ በርሳቸው እንደማይቀላቀሉ የጻፈው ይህንኑ ተመልክቶ ነው። ከሺህ ዓመት በፊት ያ ታላቅ ሰው ያደረገውን ምርመራ የሰባት ዓመት ሕፃን በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ መድገም መቻሉ እኔን ዘወትር ያስደንቀኛል። በ1604 ደግሞ የሥነ ፈለክ ሊቁ ኬፕለር የሰው ዓይን ራሱ በውስጡ የተዘቀዘቀ ምስል የሚቀበል መሆኑን አስረዳ።

ልኩንም ማስላት ይቻላል። ርዝመቱ 30 ሴንቲ ሜትር በሆነ ሣጥን ፊት ጧፉ በ30 ሴንቲ ሜትር ርቀት ሲቆም ምስሉ ከነበልባሉ እኩል ይሆናል፤ በ60 ሲቆም ግማሹን ያህላል። ቀዳዳው በእርሳስ ጫፍ ቢሰፋ ምስሉ ይደምቃል፣ ነገር ግን ጠርዙ ይደበዝዛል።

በሐምሌና በነሐሴ የሲያትል ሰማይ ሲጠራ ይኸው ሕግ ለፀሐይ ይውላል። ነሐሴ 15 ቀን 2009 ዓ.ም.፣ ማለት በአውሮፓውያን 2017፣ በሲያትል ሰማይ ፀሐይ በጨረቃ 92 በመቶ ያህል ተጋርዳ ሳለ፣ በተበሳ ካርቶን በኩል ያለፈው ብርሃን በምድር ላይ የማጭድ ቅርጽ ነበረው። ልጁ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ይቁም፤ በቀዳዳው በኩል ፀሐይን በቀጥታ መመልከት ዓይን ያጠፋልና ከቶ አይፈቀድለት። ከተበሳው ካርቶን 1 ሜትር ርቆ በተያዘ ነጭ ወረቀት ላይ የምታርፈው ክብ ስትለካ 9 ሚሊ ሜትር ገደማ ትሆናለች። ፀሐይ ከእኛ 150,000,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለምትርቅ፣ ልጁ ይህን በ9 አባዝቶ ለ1,000 ቢያካፍል የፀሐይን ስፋት 1,350,000 ኪሎ ሜትር ያገኛል፤ ሊቃውንት የለኩት 1,390,000 ገደማ ነው። ወረቀቱን በ2 ሜትር አርቆ ቢደግመው፣ ክቧ ስለምትሰፋ በማስመሪያ ለመለካት ይቀለዋል።