አንድ መውጫ መስመር

እ.ኤ.አ. በ1983 ቻርልስ ሳይትዝና ባልደረቦቹ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በካልቴክ፣ ኮስሚክ ኪዩብን ሥራ አስጀመሩ። 64 ትናንሽ ኮምፒውተሮች፣ እያንዳንዳቸው ከስድስት ጎረቤቶቻቸው ጋር ተያይዘው፣ አንድ ትልቅ ስሌት ይከፋፈላሉ። ሐሳቡ ያዋጣ ነበር፤ ያስቸገረው መልእክቱ ነው። ጎረቤት ላልሆነ ኮምፒውተር የተላከ መረጃ ሲመጣ መሀል ያለው ሙሉውን ተቀብሎ ያስቀምጣል፣ በሶፍትዌር አድራሻውን ያነባል፣ ከዚያ መልሶ ይልካል። ለስሌት የተሠራ ፕሮሰሰር ጊዜውን የሌላውን መልእክት በማሳለፍ ይፈጅ ነበር።

ሳይትዝና ተማሪው ዊሊያም ዳሊ ይህን ሥራ ከፕሮሰሰሩ ወስደው ቶረስ ራውቲንግ ቺፕ ለተባለ የተለየ ቺፕ ሰጡት። እዚህ ላይ መልእክቱ ሙሉ እስኪደርስ አይጠበቅም። ተቆራርጦ ይጓዛል፤ ግንባሩ መስመሩን እየያዘ ይቀድማል፣ የቀረው ይከተለዋል። ግንባሩ በአንደኛው አቅጣጫ ስንት እርምጃ፣ በሁለተኛው ስንት እርምጃ እንደቀረው የሚያመለክት ቁጥር ይዟል። እያንዳንዱ ቺፕ ከቁጥሩ አንድ ይቀንሳል። ዜሮ ሲደርስ ቁጥሩን ጥሎ መልእክቱን ወደ ሁለተኛው አቅጣጫ ያዞረዋል። አልጎሪዝሙ ይኸው ነው። ካርታም ሰንጠረዥም አያስፈልገውም፤ አንድ መቀነስ የሚችል አነስተኛ ሰርኪዩት ይበቃዋል።

ችግሩ ግን መስመር ይዞ የሚጠብቅ መልእክት ሌላውን ማገዱ ነው። መብራት በሌለው መስቀለኛ መንገድ አራት መኪኖች ከአራት አቅጣጫ ገብተው እያንዳንዱ ከፊቱ ያለው እስኪያልፍ ሲጠብቅ ማንም አይንቀሳቀስም። በኔትወርክ ውስጥ ይህ ዴድሎክ ይባላል፤ ወርዶ የሚያስተናብር ትራፊክ ፖሊስም የለም። የቀናት ስሌት እዚያው ቆሞ ሊቀር ይችላል። ዳሊና ሳይትዝ በ1987 መፍትሔውን አሳተሙ፦ መልእክቶች መስመር የሚይዙበት ቅደም ተከተል ዞሮ ወደ ራሱ ካልተመለሰ ዴድሎክ አይፈጠርም። ቀለበት በሚሠራ ኔትወርክ ዙሪቱን ለመስበር አንዱን ሽቦ በሁለት ምናባዊ መስመሮች ከፈሉት፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ማቆያ ተሰጠው፣ ሽቦውን ግን በተራ ይጠቀማሉ።

ዋጋው ግትርነት ነበር። ጎን ያለው መንገድ ባዶ ቢሆንም መልእክቱ በተጨናነቀው ላይ ይሰለፋል። መንገድ እንዲመርጥ ይፈቀድለት ከተባለ ደግሞ ምናባዊ መስመሮች ይበዛሉ። እነሱ ሲበዙ ማቆያው የቺፑን ቦታ ይበላል፣ ተራ የሚወስነው ሰርኪዩት ይወሳሰባል፣ ቺፑም ይዘገያል። የ1993ቱ ክሬይ ቲ3ዲ የተወሰነውን ቅደም ተከተል የተከተለ ሱፐርኮምፒውተር ነው።

በዚያው ዓመት በስፔን የቫሌንሲያ ፖሊቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ሆሴ ዱአቶ ያሳተመው ጥናት በእኔ ግምት የዘርፉ ትልቁ ሐሳብ ነው። ዙሪት ይኑር፣ አለ፤ የታገደ መልእክት ሁልጊዜ ሊገባበት የሚችል ዴድሎክ የማይፈጠርበት መውጫ መስመር እስካለ ድረስ ሌሎቹ መስመሮች ነፃ ቢሆኑ አይጎዳም። ይህን ዋጋ የሃርድዌር መሐንዲስ ሊከፍለው ይችላል፤ ግትሩን መስመር ሳይነካ ጥቂት ነፃ መስመሮች ይጨምርበታል። ተከታዩ ክሬይ ቲ3ኢ በዚህ መንገድ ሄደ። 65,536 ኮምፒውተሮች የነበሩት የአይቢኤም ብሉ ጂን ኤልም በእያንዳንዱ ማገናኛ ላይ ሁለት ነፃ መስመሮች፣ አንድ መውጫና አንድ ለአስቸኳይ መልእክት የተለየ መስመር ነበረው።

ዛሬ መንገድ የመምረጥ ጥያቄው ሌላ መልክ ይዟል። በ2022 በአሜሪካ ኦክ ሪጅ ይፋ የሆነው ሱፐርኮምፒውተር ፍሮንቲየር በሚጠቀምበት የስሊንግሾት ኔትወርክ እያንዳንዱ መልእክት አሳላፊ ስዊች 64 መግቢያዎች አሉት፣ እያንዳንዱም በሰከንድ 200 ጊጋቢት ያስተላልፋል። ስዊቹ መልእክቱን በአጭሩ መንገድ ይስደደው ወይስ በሌላ የስዊቾች ቡድን በኩል አዙሮ ያሳልፈው የሚለውን በቅጽበት ይወስናል። የራሱን ወረፋ ያያል፤ የሩቁ ወረፋ ወሬ ግን ዘግይቶ ይደርሰዋል፣ ሲደርሰውም ወረፋው ተለውጦ ሊሆን ይችላል።

በሕዝብ ገንዘብ የሚገነቡት እነዚህ ማሽኖች ግን አሁንም በዋናነት የሚመዘኑት ሊንፓክ በተባለ የፍጥነት መለኪያ ነው። እሱ ፕሮሰሰሩን አጥብቆ ይፈትናል፣ ኔትወርኩን ግን እምብዛም አያስጨንቅም። ገዢዎቹ ብዙ ተጠቃሚዎች በአንድ ጊዜ ሲጋፉበት የመልእክቱ መዘግየት ምን ያህል እንደሚሆን በውላቸው ሊጠይቁ ይገባል።