የመጻሕፍት ሱቅ ከኢንተርኔት ገበያ ጋራ ስላደረገው ውድድር



በዛሬው ዘመን ሰው ለቤቱ የሚያስፈልገውን ዕቃ ከወንበሩ ሳይነሣ በኢንተርኔት እያዘዘ እስከ ደጃፉ ያስመጣል። ስለዚህ ኪራይ የሚከፍለውና ሠራተኛ የሚቀጥረው ባለሱቅ፤ ወደፊት በምን እኖራለሁ ብሎ ቢጨነቅ አይፈረድበትም። ጨርቅ የሚሸጥ ነጋዴ ግን ገዢው በጣቱ ሳይዳስስ፤ ማር የሚሸጠውም ሳይቀመስለት መግዛት ደስ ስለማይለው ጥቂት ተስፋ አለው። መጽሐፍ በየትም ቢገዛ ያው አንድ መጽሐፍ ነው። ፈተናው የጠናው በመጻሕፍት ነጋዴ ላይ ነውና ስለ እርሱ ለመጻፍ ወደድን፤ የምንጠቅሰውም ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

አማዞን የተባለው ኩባንያ በ1994 ዓመት በአሜሪካ ተቋቁሞ፤ በማግሥቱ ዓመት በኢንተርኔት መሸጥ የዠመረው መጻሕፍትን ነበር። ዋጋው የረከሰ ስለ ሆነ ብዙ ሱቆች ተዘጉ፤ ቦርደርስ የተባለውም ታላቅ የመጻሕፍት ነጋዴ በ2011 ዓመት ከስሮ በሩን ዘጋ። በዚያው ዓመት በእንግሊዝ አገር ዋተርስቶንስ የተባለው ኩባንያ ሊወድቅ ተቃርቦ ሳለ ጄምስ ዶንት ተሾመበት። ይህ ሰው አስቀድሞ የባንክ ሠራተኛ ነበር፤ በ1990 ዓመትም በሎንዶን የራሱን ሱቅ ከፍቶ መጻሕፍቱን በየአገሩ እየለየ በመደርደሩ የታወቀ ነው።

በዚያን ጊዜ አታሚዎች ለኩባንያው ገንዘብ እየከፈሉ፤ የፈለጉት መጽሐፍ በመስኮትና በፊተኛው ጠረጴዛ እንዲቀመጥ ያደርጉ ነበር። በሎንዶን ያለው ሱቅና በትንሽ ከተማ ያለው ሱቅ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ያሳይ ነበር፤ ሕዝቡ ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። ዶንት ይህን ገንዘብ አልቀበልም አለ። ኪሳራ በገባበት ቤት የሚመጣን ገንዘብ መመለስ እብደት ይመስላል፤ እኛ ግን የሥራው ሁሉ ሥር ይህ ነው እንላለን። ከዚህ ወዲያ እያንዳንዱ የሱቅ ሹም የሰፈሩን ሰው አይቶ የሚሸጠውን ራሱ መረጠ። ሳይሸጥ ቀርቶ ወደ አታሚው የሚመለሰውም መጽሐፍ እጅግ አነሰ። «ሦስቱን በሁለት ዋጋ» የሚባለውንም ሽያጭ አስቀረ፤ በዋጋ ርካሽነት አማዞንን እንደማያሸንፍ ያውቅ ነበርና። እናት ገብታ ለልጄ የትኛውን ላንብብለት ብላ ብትጠይቅ፤ መጽሐፉን ያነበበ ሠራተኛ ይመልስላታል። ኩባንያውም በ2016 ዓመት ወደ ትርፍ ተመለሰ።

ነገር ግን አንድ የማያምር ነገር አለበት። መርጦ የሚመክረው ሠራተኛ የሱቁ ሀብት ከሆነ ደመወዙ ሊበቃው ይገባ ነበር። በ2019 ዓመት ሠራተኞቹ ለኑሮ የሚበቃ ደመወዝ ይሰጠን ብለው ሲያመለክቱ ከ1,000 የሚበልጡ ደራስያን ደገፏቸው፤ ዶንት ግን ኩባንያው ገና አቅም የለውም ብሎ መለሰ። መልሱ ለእኛ አልጣመንም።

በዚያው ዓመት በአሜሪካ ያለው ባርንስ ኤንድ ኖብል የተባለው ኩባንያ ደግሞ ለዶንት ተሰጠው። በ2020 ዓመት በኮሮና በሽታ ምክንያት ሱቆቹ በተዘጉ ጊዜ ሠራተኞቹ መጻሕፍቱን ከመደርደሪያ እያወረዱ እንደ አዲስ ደረደሩ፤ በ2024 ዓመት ብቻም ከ50 በላይ አዲስ ሱቆች ተከፈቱ። አማዞን ራሱ ከ2015 ዓመት ዠምሮ የመጻሕፍት ሱቆች ከፍቶ ነበር፤ በ2022 ዓመት ግን እንደሚዘጋቸው አስታወቀ። በማሳቹሴትስ ግዛት ከለቀቃቸው ቤቶች በሁለቱ በኋላ የገባባቸው ባርንስ ኤንድ ኖብል ነው።