ያውቁ ኖሯል? ፕላትሌቱ ሞልቶ ደሙ አልቆም ሲል

• በጤነኛ ሰው አንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ፕላትሌት አለ። የደም ሥር ሲቀደድ ተያይዘው የሚደፍኑት እነሱ ናቸው።

• ቁጥሩ ሙሉ ሆኖም ደም አልቆም ሊል ይችላል። የስዊዘርላንዱ የሕፃናት ሐኪም ኤድዋርድ ግላንዝማን እ.ኤ.አ. በ1918 በገለጸው ሕመም ፕላትሌቶቹ እርስ በርስ መያያዝ ይሳናቸዋል። የደም ቆጠራው «ደህና» ቢልም ምርመራው አላለቀም ማለት ነው።

• በበርናርድ-ሱሊየር ሕመም ደግሞ ፕላትሌቶቹ ይገዝፋሉ፣ ቁጥራቸው ያንሳል፣ ከተጎዳው የደም ሥር ጋር መጣበቅም ያቅታቸዋል።

• ሁለቱም በአብዛኛው የሚወረሱት ጉድለቱ ከእናትም ከአባትም ሲመጣ ነው፤ ዘመድ ከዘመድ በሚጋባበት አገር በዛ ይላሉ። የጎንደር ሽማግሌዎች ከጋብቻ በፊት እስከ ሰባት ቤት መቁጠራቸው አደጋውን ይቀንሳል እንጂ ጨርሶ አያጠፋውም።

• የመጀመሪያው ፍንጭ ተደጋጋሚ ነስር፣ የድድ መድማት ወይም በትንሽ ግጭት የሚበልዝ ቆዳ ነው። ለልጃገረድ የመጀመሪያው የወር አበባ ለሕይወት ሊያሰጋ ይችላል።

• እንጥል ማስቆረጥና ዋግምት ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ሞት ሊያመጡ ይችላሉ። በቤተሰቡ እንዲህ የደማ ካለ፣ ልጁን በስምንተኛው ቀን ከማስገረዝ በፊት ሐኪም ይማከር።

• ነስር ሲመጣ ራስን ወደ ኋላ ማንጋለል ደሙን ወደ ጉሮሮ ይሰደዋል። ቁጭ ብሎ ወደ ፊት ጎንበስ ማለትና የአፍንጫን ለስላሳ ክፍል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳይለቁ ቆንጥጦ መያዝ ይሻላል።

• አስፕሪን፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የደከመውን ፕላትሌት ይብሱን ያደክሙታል። ለሕመም ማስታገሻ ፓራሲታሞል ይመረጣል።

• የረጋው ደም ቶሎ እንዳይሟሟ የሚያግዘው ትራኔክሳሚክ አሲድ የጃፓናውያኑ ባልና ሚስት፣ የኡታኮና የሾሱኬ ኦካሞቶ ሥራ ነው።

• የተለገሰ ፕላትሌት ፍሪጅ አይገባም፤ ከ20 እስከ 24 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ያለማቋረጥ እየተናወጠ 5 ቀን ገደማ ብቻ ይቆያል። ደባርቅ ላይ የደማ ሰው ደግሞ ጎንደር ካለው ሪፈራል ሆስፒታል ለመድረስ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። ለወሊድም ሆነ ለቀዶ ሕክምና ከሪፈራል ሆስፒታሉ ጋር አስቀድሞ መነጋገር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

• ፕላትሌት በየምክንያቱ አይሰጥም። የግላንዝማን ታማሚ ሰውነት የተሰጠውን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሊዋጋው ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ ቢሰጠውም ላይሠራለት ይችላል። ለዚህ ጊዜ ፋክተር ሰባት-ኤ የተባለ መድኃኒት አለ፤ ዋጋው ግን የሚቀመስ አይደለም።

• የሕመሙ ስምና የደም ዓይነት የተጻፈበት ካርድ ኪስ ውስጥ ይኑር። ራሱን ስቶ የደረሰ ታማሚ ሊናገር የማይችለውን ለተረኛው ሐኪም ይነግርለታል።